የአዋጁ አጥርና የጋሞ ጓሮ

በዶርዜና በጨንቻ መንደሮች የእንሰት ቢላ ከጓሮ ጓሮ ይዞራል። ጎረቤት ከጎረቤት ይዋሳል፤ ለሥራ የተጠራችም የራሷን ይዛ ትመጣለች። ጠዋት አንድ ቤት ሲቆርጥ የነበረው ስለት ከሰዓት በኋላ ሌላ ቤት ነው። ደጋው የሚኖረው በዚህ መደጋገፍ ነው፤ የእንሰት አጠውልግ በሽታም የሚጓዘው በዚሁ መንገድ ነው። ስለቱ ላይ በቀረችው እርጥበት ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በጤነኛው ተክል ቁስል በኩል ይገባል። ውሎ አድሮ መሐለኛው ለጋ ቅጠል ይገረጣል፣ ይጠወልጋል፣ ወደ ታች ይታጠፋል። ግንዱ ቢቆረጥ ከቁርጡ ላይ ወደ ቢጫ የሚያደላ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ለዚያ ተክል መድኃኒት የለውም፤ ነቅሎ መቅበር ነው። እንሰት ለመብል እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃልና አብሮ የሚቀበረው ለክፉ ቀን ተብሎ ሲጠበቅ የኖረ ቀለብ ነው።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚያወጣው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህች አጭር ርቀት አገሩ ሁለት ይሆናል። መነሻው 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሙቅ ሸለቆ ነው፤ ላንቴና ጫኖ ላይ የሙዝ እርሻው እስከ መንገዱ ዳር ደርሷል፣ የጭነት መኪኖችም አረንጓዴውን ዘለላ ቆልለው ወደ አዲስ አበባ ይነሣሉ። መድረሻው 2,700 ሜትር ላይ ጉም የሚያድርበት ደጋ ነው። እዚያ የቀርከሃ ቤቶች በእንሰት ተከበዋል፤ የከብቱ ፍግ ለእንሰቱ ይሄዳል፣ የእንሰቱ ቅጠል ለከብቱ ይመለሳል። ወደ ኋላ ዞር ሲሉ አባያና ጫሞ ሐይቆች ተንጣለው፣ መሐላቸው የእግዜር ድልድይ ተዘርግቶ ይታያል። እንሰትና ሙዝ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው፤ ደጋው ላይ እንሰቱን የሚያጠወልገው ተህዋሲ ቆላ ወርዶ ሙዝን ለመያዝ የሚያግደው የዘር ልዩነት የለም።

ይህን ለማወቅ ብዙ ዓመት አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1968 ዳኛቸው ይርጉ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከባልደረባቸው ብራድበሪ ጋር ተህዋሲውን ለይተው ለሳይንሱ ዓለም አስተዋወቁት። ከ6 ዓመት በኋላ ደግሞ ይኸው ተህዋሲ በከፋ ሙዝ ላይ መገኘቱን ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2001 በሽታው ኡጋንዳ ታየ፤ ከዚያም በታላላቅ ሐይቆች አካባቢ ያሉ አገሮችን የሙዝ እርሻ አዳረሰ። ዛሬ የብዙ አገር ላቦራቶሪ የሚረባረብበት ችግር መንስኤው መጀመሪያ የተለየው በእኛው ጓሮ፣ በእኛው ሰው እጅ ነበር።

መከላከያው ምንድን ነው? ርካሹ መንገድ ቢላውን በእሳት ማጋል፣ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ከብት ወደ ተክሉ እንዳይገባ መከልከልና ንጹሕ ችግኝ መትከል ነው። ይሠራል፤ ግን መንደሩ በሙሉ አንድ ላይ ካደረገው ብቻ። ዘጠኝ ቤት ቢያጸዳና አሥረኛው ቸል ቢል ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ሁለተኛው መንገድ ከገበሬው እጅ ካሉት ብዙ የእንሰት ዓይነቶች በሽታውን የሚችሉትን መርጦ ማባዛት ነው። ማዚያ የሚባለው ዓይነት ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚቋቋም በተመራማሪዎች ታይቷል። እንዲህ ያለውን ተክል በቲሹ ካልቸር ማባዛት ይቻላል፦ ከጤነኛ ተክል የእድገት ጫፍ ላይ ትንሽ ቁራጭ ይወሰዳል፣ ተህዋሲ በሌለበት ብልቃጥ ውስጥ ምግብና የእድገት ንጥረ ነገር ይሰጠዋል፣ ያቆጠቁጣል፣ ይከፋፈላል፤ በመጨረሻ ወደ ችግኝ ቤት ወጥቶ አየሩን ይለምዳል። አንድ ጤነኛ እናት ተክል በዚህ መንገድ ብዙ ንጹሕ ችግኝ ትሆናለች። ለአርባ ምንጭ ሙዝ ገበሬም ከጎረቤት ማሳ ተነቅሎ በሽታና ተባይ ይዞ ከሚመጣ ፍልፋይ ይልቅ ይህ ችግኝ ይበጀዋል። ሦስተኛው መንገድ የተክሉን ዘረመል መለወጥ ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ አብዝቶ የተጨነቀው ለዚህ ለሦስተኛው ነው። የተጨነቀበትም ምክንያት ነበረው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የዓለም አገሮች ልውጥ ሕያዋን (ዘረመላቸው የተለወጠ ሕያዋን) ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወሩ በምን ሕግ ይገዙ የሚለውን ሲከራከሩ፣ የታዳጊ አገሮችን ድምፅ አንድ አድርገው ከመሩት ሰዎች ዋናው ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። የዕፅዋት ሳይንቲስት ነበሩ፤ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ለብዙ ዓመታት መርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በኮሎምቢያዋ ካርታኼና የተደረገው ድርድር ፈርሶ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በጥር ወር ሞንትሪያል ላይ ስምምነቱ ጸደቀ፤ ስሙ ግን የካርታኼና ፕሮቶኮል እንደሆነ ቀረ። በዚያው ዓመት ተወልደ ብርሃን አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። የፕሮቶኮሉ ፍሬ ነገር አንድ አገር ልውጡ ዘር ድንበሩን ከማለፉ በፊት አውቆና መርምሮ እሺ ወይም እምቢ የማለት መብት አለው የሚል ነው። ድሃ አገርም ቢሆን። ተወልደ ብርሃን መጋቢት 2015 ዓ.ም. አረፉ፤ ያቆሙት መብት ግን ዛሬም በሥራ ላይ ነው። አገራችን ስለ ዘር ከዓለም ጋር ባደረገችው ድርድር ከዚህ የበለጠ ከፍታ ላይ የደረሰችበት ጊዜ አይታየኝም።

የአገር ውስጡ ሕግ የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 ነው። የወጣው ጳጉሜ 4 ቀን፣ ዓመቱ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። ከባድ አጥር ነው፦ ማንም ሰው ከባለሥልጣኑ በቅድሚያ ፈቃድ ሳያገኝ ልውጥ ሕያው ማስገባትም ሆነ መጠቀም አይችልም፣ የስጋት ግምገማ ማቅረብ አለበት፣ ጉዳት ቢደርስ ይጠየቃል። ተመራማሪዎች ግን ቶሎ አጉረመረሙ። አጥሩ ነጋዴውንና ሳይንቲስቱን ሳይለይ አንድ ላይ አስቀራቸው፤ በላቦራቶሪ ተዘግቶ የሚሠራ ጥናት እንኳ ለገበያ በሚመጣ ዘር መስፈርት ተለካ። ቅሬታው እውነት ነበረው። በ2007 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 896 አሮጌውን አሻሻለና ለምርምር ሥራ ልዩ ፈቃድ የሚሰጥበትን በር ከፈተ። በሩን ዛሬ የሚጠብቀው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው።

አጥር ከቆመ ከብዙ ዓመት በኋላ አስተባባሪው ተቋም መጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ የኢትዮጵያ ባዮቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ተግባሩ የአገሪቱን የባዮቴክኖሎጂ ምርምር መምራት፣ ማስተባበርና ወደ ጥቅም ማሸጋገር ነበር። ቆየት ብሎ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንደገና ሲደራጁ ሥራው ሰፍቶ የባዮና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተባለ። ሌሎች አገሮች ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ሄደዋል። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1982 ብሔራዊ የባዮቴክኖሎጂ ቦርድ አቋቁማ በ1986 ራሱን የቻለ የመንግሥት መምሪያ አደረገችው። ናይጄሪያም የልማት ኤጀንሲዋን በ2001 አቋቁማ የደህንነት ኤጀንሲዋን በ2015 ሕግ አጸደቀች። መጀመሪያ ገንቢውን፣ ከዚያ ጠባቂውን ማለት ነው። እኛ ጠባቂውን አስቀደምን። በዚህ አልቆጭም፤ ዘር አንዴ ከወጣ የሚመልሰው የለም። የሚያስቆጨኝ ጠባቂው ከቆመ በኋላ ገንቢው ሥራውን የጀመረበት አቅጣጫ ነው።

ዛሬ ጉዳዩ በአራት ቤት ይኖራል። ኢንስቲትዩቱ በኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ሥር ነው። የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከሉ ሆለታ ሆኖ በግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ነው። ፈቃድ ሰጪው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። የዘረመል ሀብቱ ባለአደራ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ጨንቻ ላይ እንሰቷ የጠወለገባት እናት ከአራቱ አንዱንም አታገኝም፤ የምታገኘው የቀበሌዋን የግብርና ባለሙያ ነው። ቢላሽን አጋዪ ይላታል፤ እውነቱን ነው። ከዚያ ያለፈውን፣ ንጹሕ ችግኝ ከየት ይመጣል የሚለውን የሚመልስለት ሕግ ግን የለውም።

ሆለታ ላይ የሚሠራው ሥራ እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም አቀፉ የትሮፒካል ግብርና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እንሰትን በዘረመል ምህንድስና ለመለወጥ የሚያስችል ዘዴ አሳተሙ። ሐሳቡ የመጣው ከኡጋንዳ ሙዝ ነው፦ ከጣፋጭ ቃሪያ የተወሰዱ ሁለት ዘረመሎች ወደ ሙዝ ሲገቡ ተክሉ ባክቴሪያው የገባበትን ሕዋስ ቶሎ እያሞተ በሽታውን ባለበት ያግደዋል። ዘረመሎቹ የታይዋኑ አካዴሚያ ሲኒካ ናቸው፤ ለአፍሪካ ገበሬ ያለ ክፍያ እንዲውሉ በአንድ አፍሪካዊ ድርጅት በኩል ፈቃድ ተሰጥቶባቸዋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እንሰት ደግሞ ለዚህ ሥራ የሚመች ጠባይ አለው። ገበሬው የሚያባዛው በዘር ሳይሆን ከኮረቱ በሚወጣ ፍልፋይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሳያብብ ይቆረጣል። ስለዚህ የተለወጠው ዘረመል በአበባ ዱቄት ወደ ጎረቤት ጓሮ የመሄድ ዕድሉ እንደ በቆሎ አይደለም። ሆኖም ዱር የበቀለ እንሰት አገራችን ውስጥ አለ፤ አልፎ አልፎ ሳይቆረጥ ቆይቶ የሚያብብም አለ። ከዚህ ሁሉ በላይ የተለወጠው እንሰት በፍልፋይ ይዞራል፤ ደጋው ላይ ቢላ እንደሚዞር ሁሉ ፍልፋይም ይዞራል፣ ለሙሽራ ይሰጣል፣ ለጎረቤት ይታደላል። አንዴ ተፈቅዶ ከሆለታ የወጣ ፍልፋይ ከጓሮ ጓሮ እየዞረ ዶርዜ ሲደርስ ፊርማ የሚጠይቀው የለም። የአዋጁ አጥር በዋነኛነት የታሰበው በወደብና በኩባንያ በኩል ለሚመጣ ዘር ነው፤ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ለሚሄድ ተክል የተሠራ አንቀጽ ያስፈልገዋል።

ሕጉ ከተሻሻለ በኋላ መጀመሪያ ወደ ገበያ የወጣው ግን ጥጥ ነው። ግንቦት 2010 ዓ.ም. አካባቢ መንግሥት ጄኬ ከተባለው የህንድ ኩባንያ የመጡ ሁለት የቢቲ ጥጥ ዲቃላ ዝርያዎች ለምርት እንዲውሉ ፈቀደ። ቢቲ ጥጥ ከአፈር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል የገባበት ነው፤ የጥጥ ፍሬ የሚበሳው ትል ቅጠሉን ሲቀምስ በሆዱ ውስጥ በሚሟሟ ፕሮቲን ይሞታል። ትል የሚፈጀው ማሳ ላለው ገበሬ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የሚረጨው መርዝም ይቀንስለታል። ነገር ግን ዲቃላ ዘር በየዓመቱ ይገዛል። ከምርቱ የተረፈውን መልሶ የሚዘራ ሰው ኃይሉ የቀነሰ፣ ጠባዩም የተበታተነ ጥጥ ነው የሚያገኘው። የዘሩ መምጫ ባሕር ማዶ ነው፤ ምንዛሪ ሲያጥር ወይም ጭነት ሲዘገይ የመዝሪያው ወቅት ያልፋል።

ለጋሞ ይህ ጉዳይ ከእርሻም ያልፋል። የዶርዜ ሸማኔ ከሽሮ ሜዳ እስከ ጨንቻ ድረስ ኑሮው በጥጥ ላይ ነው። ሚስት ትፈትላለች፣ ባል ይሠራል፤ ድሩ የሚጠነክረው፣ ማጉ የሚለሰልሰው በጥጡ ጭረት ርዝመት ነው። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ቡርኪና ፋሶ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ቢቲ ጥጥ በሰፊው ዘርታ ነበር። ትሉ ቀነሰ፣ ገበሬው ረካ። ነገር ግን የጥጡ ጭረት ከቀድሞው አጠረ፤ በጥራቱ ስም ያተረፈው የቡርኪና ጥጥ በዓለም ገበያ ዋጋው ወደቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 አገሪቱ ልውጡን ጥጥ ትታ ወደ ነባሩ ተመለሰች። ምርመራው ስለ ትሉ ብዙ ጠይቆ ስለ ጭረቱ ጥቂት ስለ ጠየቀ የደረሰ ኪሳራ ነው። የእኛ የፈቃድ ሂደት የሸማኔውንም ጣት ማማከር አለበት። የስጋት ግምገማ ሲባል አካባቢንና ጤናን ብቻ ከሆነ፣ አንድ ሙሉ ሙያ ከግምገማው ውጭ ይቀራል።

አርባ ምንጭ ከዘረመል ጋር ሳይነካካ የሠራ ሌላ ባዮቴክኖሎጂም ታውቃለች፤ ስለ እሱ ብዙ አይወራም። በስምጥ ሸለቆው ደቡብ የቆላ ዝንብ (ጼጼ) በምታስተላልፈው የገንዲ በሽታ በሬ ትገድላለች፤ ገንዲ የገባበት ቆላ የሚታረስበት በሬ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ የተጀመረው ፕሮጀክት ወንዱን ዝንብ በጨረር አምክኖ የመልቀቅ ዘዴ ያዘ። ሴቲቱ በአብዛኛው በሕይወቷ አንዴ ብቻ ስለምትዳራ፣ ከመካን ወንድ ጋር ከተዳራች ዘር አይወጣትም። ቃሊቲ ላይ ዝንብ የሚረባበት ማዕከል ተሠራ፤ መካን ወንዶች በአውሮፕላን ተበተኑ። የዛንዚባሯ ዋና ደሴት እ.ኤ.አ. በ1997 ከዚህች ዝንብ ነፃ የሆነችው በዚሁ ዘዴ ነው። የእኛ ሥራ ከደሴት ሥራ ይከብዳል፤ ሸለቆው ባሕር አልከበበውም፣ ዝንቧ ከጎን ትመለሳለች። ያም ሆኖ ለበሬ የተሠራው ይህ ሥራ አዋጅ 655 የማይመለከተው፣ ነገር ግን ማስተባበርና የማያቋርጥ በጀት የሚሻ የባዮቴክኖሎጂ ሥራ ነው። አስተባባሪ ሕግ የሚፈለገው ለእንዲህ ያለው ነው። ፕሮጀክት ሲያልቅ ዝንብ አታልቅም።

ሌላም አለ። ቆጮ የሚሆነው ፍቅፋቂ በጉድጓድ ውስጥ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ሲብላላ የሚሠራውን ሥራ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቤልጂየሙ ሉቨን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው በጋሞ ደጋ ላይ አጥንተውታል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። በጉድጓዱ ውስጥ ባክቴሪያዎች ይተካካሉ። መጀመሪያ ሉኮኖስቶክ የተባለው ይበረታል፣ ቀጥሎ ላክቶባሲለስና ሌሎች ቦታውን ይይዛሉ፤ ሊጡ እየኮመጠጠ ሲሄድ የሚያበላሹ ተህዋሲያን ይሸሻሉ። ተመራማሪዎቹ ጉድጓዱን ከሌላ የማብላያ ዕቃ ጋር አወዳደሩ፤ እናቶች የሚጨምሩትን ባህላዊ እርሾም ለብቻው መርምረው ውስጡ ያሉትን ተህዋሲያን ለዩ። በየመንደሩ እርሾ የማዘጋጀቱ ጥበብ ይለያያል፤ የሚያውቁትም ሴቶቹ ናቸው። ከዚህ ተነስቶ ቆጮን ፈጥኖ የሚያበስልና ብክነት የሚቀንስ ንጹሕ እርሾ መሥራት የሚቻል ነገር ነው። ለልውጥ ዘር ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ትንሽ ነው፤ ጥቅሙ ወዲያው ማዕድ ላይ ይታያል። ባዮቴክኖሎጂን ለማስፋፋት በሚወጣ ሕግ የመጀመሪያው ገጽ ላይ መጻፍ ያለበት ይህ ነው እላለሁ።

እዚህ ላይ ሦስተኛ አዋጅ ይገባል። ስሙ ረጅም ነው፦ የጄኔቲክ ሀብትና የኅብረተሰብ ዕውቀት አርክቦትና የኅብረተሰብ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 482/1998። በዚህ ሕግ መሠረት አንድ ሰው እንደ እርሾው ያለ የማኅበረሰብ ዕውቀት ወስዶ ለመጠቀም ሲፈልግ ማኅበረሰቡ አውቆ አስቀድሞ መስማማት አለበት፤ ለዘሩ ለራሱ ፈቃድ የሚሰጠው ግን የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ማኅበረሰቡ እምቢ ማለት ይችላል፤ የሰጠውን ፈቃድ ማንሣትም ይችላል። ከሀብቱ አጠቃቀም መንግሥት በገንዘብ ከሚያገኘው ድርሻ ግማሹ የማኅበረሰቡ ነው። ጎረቤት ለጎረቤት በልማዱ የሚለዋወጠውን ፍልፋይ ግን ሕጉ አይነካውም። ሽፈራውን ብንወስድ፣ ጋሞና ኮንሶ ከቤታቸው ደጅ ተክለው ሲመገቡት የኖሩት ዛፍ ዱቄቱ በከተማ ሱቅ ይሸጣል፤ ከዚያ ዛፍ ነጥሮ የሚወጣ መድኃኒት ቢኖር የዚህ አዋጅ ጉዳይ ነው።

አዋጁ የተጻፈው ጤፍ ከአገር በወጣ ማግስት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 መንግሥት ከአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ተዋዋለ። ኩባንያው በስሙ የጤፍ ዱቄት ፓተንት አወጣ፣ በ2009 ከሰረ፣ ኢትዮጵያ ከውሉ ያገኘችው ገንዘብ 4,000 ዩሮ ያህል ብቻ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን ውድቅ አደረገው፤ ያንን ክስ ያሸነፈው ግን ኢትዮጵያ ሳትሆን የኔዘርላንድስ ሌላ ዱቄት ነጋዴ ነው። እንሰትም የራሱ ታሪክ አለው። የእንሰት ሙሉ ዘረመል መጀመሪያ ተነብቦ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ነው። የተነበበው ተክል ከጋሞም ከጉራጌም ጓሮ አልመጣም፤ እዚያው እንግሊዝ ለጌጥ ተክል ከሚሸጥበት የተገዛ ነበር። ማንም ሕግ አልጣሰም። በ2018 ደግሞ ኢትዮጵያውያን የአረካ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት የ17 እንሰቶችን ዘረመል ይዞ ወጣ፤ በዚህ ጊዜ አገሩ በስሙ ተጠራ። ዘረመል አንዴ ተነብቦ በኮምፒውተር ከተቀመጠ በኋላ ተክሉን ራሱን መውሰድ አያስፈልግም። ድንበር ላይ ተክል የሚፈትሽ ሕግ ይህን አያየውም።

ሦስቱን ሕጎች አንድ ላይ አስቀምጦ ከጨንቻ ጓሮ ለተመለከተ ሰው አንድ ክፍተት ይታያል። የእንሰቱ ዕውቀት ከጓሮው ሲወጣ አዋጅ 482 ማኅበረሰቡን እሺ አሰኝቶ ነው። እንሰቱ ላቦራቶሪ ገብቶ ተለውጦ ወደዚያው ጓሮ ሲመለስ ግን ውሳኔው በአዋጅ 655 መሠረት የአዲስ አበባው ባለሥልጣን ነው። ዕውቀቱ ሲወጣ የተጠየቀው ባለቤት እንሰቱ ተለውጦ ሲመለስ እሺ ወይም እምቢ የማለት ሥልጣን የለውም። ይህ በክፋት የመጣ አይመስለኝም፤ ሁለቱ አዋጆች በተለያየ ጊዜ፣ ለተለያየ ስጋት ተጽፈው አልተገናኙም። አስተባባሪ ሕግ ቢኖር የመጀመሪያ ሥራው ይህን ማገናኘት ነበር።

ጋሞ ለዚህ የሚሆን የራሱ መድረክ አለው። ዱቡሻ በሚባለው የሸንጎ አደባባይ ላይ ሽማግሌው፣ ሀላቃ የሚባለው የሕዝብ መሪ፣ ገበሬው ተቀምጦ የመሬቱን፣ የግጦሹን፣ የጠቡን ጉዳይ ይመክራል፤ የሀገሩ ሕግ ደሬ ወጋ ይባላል። ሕጉን የጣሰ ሰው ጎሜ የሚባለው የጥፋት ዕዳ ይወድቅበታል፤ ጎሜውን ካልተናዘዘ መሬቱም ሰውም አይሽርም ይባላል። መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ የተፈጸመው ግድያ ያስቆጣው ወጣት አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል ሲነሣ፣ እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ የተንበረከኩት ሽማግሌዎች ያቆሙት በዚህ ሥልጣን ነው። በቁጣ የተነሣን ሕዝብ ያቆመ ሸንጎ ስለ እንሰት በሽታ ቢመክር፣ መንደሩ በሙሉ ቢላውን በእሳት እንዲያግል ቢደነግግ፣ ዘጠኝ ቤት ሲያጸዳ አሥረኛው ቸል የሚልበት ምክንያት ይቀንሳል። ሴቶች ግን በዱቡሻ ብዙ ድምፅ የላቸውም፤ እንሰት ደግሞ የሴቶች ሥራ ነው። ምክክሩ እነሱን ካላስገባ የእርሾውንም የቢላውንም ዕውቀት ከውጭ ይተወዋል።

ስለዚህ የሚወጣው ሕግ ወይም የሚሻሻለው ደንብ ሦስት አንቀጾች ቢኖሩት ለጋሞ ብዙ ነገር ይቀየር ነበር። አንደኛው፣ ከማኅበረሰብ ጓሮ የተወሰደ ተክል ተለውጦ ሲመለስ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ስጋቱና ጥቅሙ በማኅበረሰቡ ቋንቋ፣ እዚህ በጋሞኛ፣ ሴቶች በተገኙበት ቀርቦ አስተያየታቸው በጽሑፍ እንዲሰፍርና ባለሥልጣኑ ለምን እንደተቀበለው ወይም እንዳልተቀበለው እንዲመልስ። ሁለተኛው፣ የባዮና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ በጀት ከፊሉ በግዴታ ለቲሹ ካልቸር ችግኝ፣ ለእርሾና ለመሳሰሉት ዘረመል ለማይነኩ ሥራዎች እንዲመደብ፤ ችግኝ ቤቱም ከላንቴና ከጨንቻ በእግር የሚደረስበት ቦታ እንዲሆን። ሦስተኛው፣ ጥጥን የመሰለ የኢንዱስትሪ ሰብል ሲፈቀድ የሸማኔውና የፈታዩ መመዘኛ፣ የጭረቱ ርዝመትና ጥንካሬ፣ ከትሉ ጋር እኩል እንዲመረመር።

ከእነዚህ አንዳንዱ የፌዴራሉን መንግሥት መጠበቅ አያሻውም። ክልል ስለ ግብርና አገልግሎቱ መወሰን ይችላል፤ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ፣ ተማሪና ጥናት አለው፤ የዞኑ ግብርና መምሪያ በየቀበሌው ሰው አለው። ቢላን የማጋል ደንብ በአንድ የእንሰት መቁረጫ ወቅት ሊጀመር የሚችል ነው። የንጹሕ ችግኙን ጉዳይ ደግሞ ማን ያቅርብ፣ በማን ወጪ፣ በየትኛው ቀበሌ ይጀመር የሚለውን የክልሉ ምክር ቤትና ዩኒቨርሲቲው በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው በሚቀጥለው በጀት ውስጥ ሊጽፉት ይችላሉ።